የባቡር ጋራዥና የመሐንዲስ ወንበር፤ ስለ ከፍተኛ ቴክኖሎጂና ስለ ባለሙያ ሥራ ድሬዳዋ የምታስተምረን

መግቢያ

የአንድ አገር የኢንዱስትሪ እድገት ሲመዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠሩት የፋብሪካዎች ብዛት፣ የምርቱ መጠንና የፈሰሰው ገንዘብ ናቸው። ለእኛ ለሙያው ባልደረቦች ግን ከእነዚህ ጎን ሊነሣ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ አንድ አዲስ ኢንዱስትሪ ወደ አገር ሲገባ ለሳይንቲስትና ለመሐንዲስ የሚሆን ስንት ወንበር ይዞ ይመጣል? በወንበሩስ ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? የሚለው ነው።

ጥያቄው የጽንሰ ሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በአገራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና በቴክኖሎጂ መስክ እንዲማሩ መመሪያ ወጥቶ፣ የምሕንድስና ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ተስፋፍተዋል። ምሩቃኑ ከበዙ በኋላ ግን በተማሩበት ሙያ ሥራ ያላገኘ ወጣት መሐንዲስ ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። መሣሪያው ሲመጣ ሥራው አብሮ ይመጣል፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ቀጣሪው ይከተላል የሚለው እምነት ብዙዎቻችን ስንይዘው የኖርነው ነው። እምነቱ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለመመርመር ከድሬዳዋ የተሻለ ቦታ በአገራችን አይገኝም። ምክንያቱም ከተማዋ ራሷ የአንድ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ ልጅ ናትና።

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ከተባለባቸው በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ከፍተኛ ቴክኖሎጂ ማለት ምን ማለት ነው?

ቃሉ በዛሬው አነጋገር ኮምፒዩተርን፣ መድኃኒት ቅመማን፣ የአውሮፕላንና የሳተላይት ሥራን ያስታውሳል። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ቃሉን የሚያስረዱት በሁለት መለኪያ ነው። አንደኛው፣ ከኢንዱስትሪው ሠራተኞች መካከል የሳይንቲስቶችና የመሐንዲሶች ድርሻ ከሌሎች ኢንዱስትሪዎች ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከገቢው ለምርምርና ለማሻሻያ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ መሆኑ ነው። በዚህ መለኪያ መሠረት ከፍታው ከዘመን ጋር ይለዋወጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት የእንፋሎት ባቡር የዘመኑ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ ነበር። ብረት ማቅለጥን፣ ድልድይ ማስላትን፣ ቴሌግራፍንና የእንፋሎት ሳይንስን በአንድነት የሚጠይቅ ሌላ ሥራ በዚያን ጊዜ ከጥቂቱ በቀር አልነበረም።

ማንኛውም እንዲህ ያለ ኢንዱስትሪ የሚፈጥረው የባለሙያ ሥራ በአራት ደረጃ ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው መሣሪያውን ማንቀሳቀስ ነው። ሁለተኛው የዕለት ጥገና፣ ሦስተኛው ፈታቶ ማደስና የጎደለውን ክፍል መሥራት፣ አራተኛው ደግሞ መንደፍ፣ መለወጥና አዲስ መፍጠር ነው። አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሆኖ እጅግ የረቀቀ መሣሪያ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ ይህ ግን መሐንዲስ አያደርገውም። የመሐንዲስ ወንበር በብዛት የሚገኘው በሦስተኛውና በአራተኛው ደረጃ ነው። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ መሣሪያው የቱን ያህል አዲስ ነው የሚለው ሳይሆን፣ ስለ መሣሪያው የሚወሰነው የት ነው የሚለው ይሆናል። የድሬዳዋ ታሪክ የሚያስረዳውም ይህንኑ ነው።

2. ጋራዡ ከከተማው በፊት

ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡር የመሥራቱን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. የሰጡት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነበር። ኢልግ በዙሪክ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረ ሲሆን፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሸዋ መጥቶ በንጉሡ ዘንድ ድልድይና የውኃ ቧንቧን የመሳሰሉ ሥራዎችን ሲያከናውን ቆይቶ በኋላ የመንግሥት አማካሪ እስከ መሆን ደርሷል። በዚያን ዘመን በአገራችን የነበረው የመሐንዲስ ሥራ ከሞላ ጎደል በአንድ የውጭ አገር ሰው ትከሻ ላይ የተጫነ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ መስመሩ ሐረርን እንዲነካ ነበር። ነገር ግን ባቡር ቁልቁለትና ዳገት እንደ በቅሎ አይወጣም፤ ሐረር ያለችበት ተራራማ አገር ለሐዲድ የሚጠይቀው ወጪ ከባድ ሆነ። ስለዚህ መስመሩ በተራራው ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነው ሜዳ ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። ባቡሩ ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከዚህ ቦታ ደረሰ። በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው መንደር ድሬዳዋ የምትባለው ከተማ ሆነች።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በገንዘብ ችግር ወድቆ ሥራው ቆመ። በ1900 ዓ.ም. በተደረገው አዲስ ስምምነት የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ ወደ ምዕራብ ቀጠለና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላው ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ድሬዳዋ የመስመሩ መጨረሻ ሆና ስለቆየች የኩባንያው ዋና ጋራዥ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱና የሠራተኛው መኖሪያ በዚያው ተተከሉ።

ጋራዡ በዚህ ቦታ መተከሉ በአጋጣሚ ብቻ አልነበረም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በየዕለቱ ውኃና ማገዶ የሚጠይቅ፣ ቧንቧው በጨዋማ ውኃ የሚደፈን፣ መንኰራኩሩ በአሸዋና በኩርባ የሚበላ መሣሪያ ነው። መለዋወጫ ከፈረንሳይ በመርከብ እስኪመጣ መጠበቅ ደግሞ ባቡሩን ለወራት ማቆም ማለት ነው። ስለዚህ ኩባንያው ፈለገም አልፈለገም፣ ብረት የሚቀጠቀጥበትን፣ በቶርኖ የሚላግበትን፣ ቦይለር የሚታደስበትንና ፉርጎ የሚሠራበትን ክፍል በዚሁ ማደራጀት ነበረበት። እላይ ከተጠቀሱት አራት ደረጃዎች ሦስተኛውን ወደ ኢትዮጵያ መሬት ያመጣው የማንም በጎ ፈቃድ ሳይሆን የባሕሩ ርቀት ነው።

የዚህ ውጤት በከተማዋ አቀማመጥ ላይ ሳይቀር ይታያል። ከደቻቱ ወንዝ በአንደኛው በኩል የባቡሩ መሐንዲሶች ቀጥ ባሉ መንገዶችና በዛፍ ጥላ የነደፉት ከዚራ፣ በሌላው በኩል ገበያውና ነዋሪው ያሳደገው መጋላ ቆሙ።

3. በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ማን ነበር?

በድሬዳዋ ጋራዥ ተለማማጅ ሆነው የገቡ ብዙ ወጣቶች ቀለም ሳይቆጥሩ የብረትን ጠባይ አወቁ። በመዶሻ ድምፅ ስንጥቅን የሚለዩ፣ በጣት ዳሰሳ የተበላን ዘንግ የሚያውቁ ብልሆች ከዚያ ወጥተዋል። ከባቡሩ ጋራዥ የተገኘው የእጅ ሙያ ለከተማዋ ፋብሪካዎችና ለመኪና ጋራዦችም ተርፏል። በአገራችን ቀደምት ከሚባሉት የሠራተኛ ማኅበራት አንዱ በባቡሩ ሠራተኞች መካከል መቋቋሙም፣ ሙያ የያዘ ሠራተኛ ዋጋውን እንደሚያውቅ የሚያመለክት ነው።

ይሁን እንጂ መሰላሉ ከአንድ ደረጃ በላይ አይዘልቅም ነበር። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የቴክኒኩ የበላይ ኃላፊነትም ለረጅም ዘመን በፈረንሳውያን እጅ ነበር፤ በመካከለኛው ሥራ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ይገኙ ነበር። አዲስ ሎኮሞቲቭ የሚመረጠው፣ ድልድይ የሚሰላው፣ የመስመሩ ማሻሻያ የሚታቀደው በፓሪስ ነበር። ኢትዮጵያዊው ብልህ የተሰበረውን ዘንግ እንደ ፊተኛው አድርጎ ይሠራል፤ ዘንጉ ለምን በዚያ ቦታ እንደሚሰበር አጥንቶ ንድፉን የመለወጥ ሥልጣን ግን የእሱ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ጋራዡ በርካታ የእጅ ባለሙያዎችን ሲያፈራ፣ ለረጅም ጊዜ መሐንዲስ የሚወጣበት ቦታ ሊሆን አልቻለም።

ይህን ጉዳይ በዘመኑ ከማንም በፊት አጥርተው ያዩት ሰው በዚችው ከተማ መሥራታቸው ሊዘነጋ አይገባም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በመጀመሪያ የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆነው አገልግለዋል። በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ፣ ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲነግዱ ጥቅሙ ወደ አንዱ ብቻ እንደሚያጋድል በሰፊው አስረድተዋል። ከጅቡቲ ወጥቶ በጉምሩኩ በኩል የሚገባውን ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃና ተጭኖ የሚሄደውን ቡናና ቆዳ ዕለት በዕለት ለሚያይ ሰው ነገሩ የመጽሐፍ ትምህርት ብቻ አልነበረም። የሚገባው ዕቃ የብዙ መሐንዲሶች አእምሮ ያረፈበት ነው፤ የሚወጣው ግን የገበሬው ጉልበትና የምድሪቱ በረከት ብቻ ነበር።

4. ጃፓን ከባቡሯ ጋር ምን ገዛች?

የአገራችን ምሁራን ከጥንት ጀምሮ ለማነጻጸሪያ ጃፓንን ሲጠሩ ኖረዋል፤ ከበደ ሚካኤልም በዚሁ ጉዳይ ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። ንጽጽሩ በጥቅሉ ሲነገር ብዙ ጊዜ ይሰለቻል፤ በባቡርና በመሐንዲስ ጉዳይ ላይ ብቻ ተወስኖ ሲታይ ግን እጅግ ጠቃሚ ነው።

የጃፓን የመጀመሪያው ባቡር በቶኪዮና በዮኮሃማ መካከል ሥራ የጀመረው በ1872 እ.ኤ.አ. ነው። ዋናው መሐንዲስ እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሞሬል ነበሩ፤ ሎኮሞቲቩም ሐዲዱም ከእንግሊዝ የመጣ ነበር። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ታሪክ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው በማግሥቱ ነው። በ1873 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ባቡሩ በተከፈተ በዓመቱ፣ የሥራ ሚኒስቴሩ በቶኪዮ የምሕንድስና ኮሌጅ ከፈተ። የኮሌጁ ኃላፊ ሄንሪ ዳየር የተባለ ገና 25 ዓመት የሆነው ስኮትላንዳዊ ነበር። ትምህርቱ 6 ዓመት ሲፈጅ፣ 2ቱ ዓመት ለመሠረታዊ ትምህርት፣ 2ቱ ለሙያ ትምህርት፣ የመጨረሻዎቹ 2 ዓመታት ደግሞ በሥራ ቦታ ለሚደረግ ልምምድ የተመደቡ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን በ1879 እ.ኤ.አ. ወጡ። ከእነሱ መካከል በኋላ የቶኪዮን ዋና የባቡር ጣቢያ የነደፈው አርክቴክት ታትሱኖ ኪንጎና ስመ ጥሩው ኬሚስት ታካሚኔ ጆኪቺ ይገኛሉ። በ1880 እ.ኤ.አ. በኪዮቶ አቅራቢያ የሚገኘው የኦሳካያማ ዋሻ ያለ ውጭ አገር መሐንዲስ በጃፓናውያን ብቻ ተሠርቶ አለቀ። ከመጀመሪያው ባቡር እስከዚህ ዋሻ የወሰደው ጊዜ 8 ዓመት ነው።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 50 ዓመት አለ። በእነዚያ 50 ዓመታት ውስጥ በውጭ አገር የተማሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች አልነበሩም ማለት አይደለም። ነገር ግን በወረራው ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ፣ የተማረው ወጣት ሆን ተብሎ እየተለቀመ ተገደለ። ስለዚህ መዘግየቱ የአንድ ወገን ጥፋት ብቻ አልነበረም፤ የኩባንያው ጠባይ፣ የውሉ አጻጻፍ፣ የመንግሥት አቅም ማነስና የጠላት ወረራ ተደራርበው ያመጡት ነው። የሆነው ሆኖ ሐዲዱና ትምህርት ቤቱ በግማሽ ምዕት ዓመት ተለያይተው መጡ። ጉዳቱም በዚያው ልክ ነበር።

5. ሁለት ሌሎች ምሳሌዎች፤ ሲሚንቶና አየር መንገድ

ኢንዱስትሪ ሳይንቲስትን የግድ የሚፈልገው መቼ እንደሆነ ለማየት ከባቡሩ ጋራዥ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በወረራው ዘመን በድሬዳዋ ተተከለ፤ የጥጥ ፋብሪካውም እንዲሁ። ሲሚንቶ ቀላል ምርት ይመስላል። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው በ1,450 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይቃጠላሉ፤ የተገኘው ጠጠር ከጂፕሰም ጋር እንደገና ይፈጫል። ነገር ግን ከተራራው የሚቆረጠው ድንጋይ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የኖራው፣ የሲሊካው፣ የአሉሚናውና የብረቱ መጠን በየጊዜው ካልተመረመረ ምርቱ ይበላሻል። ስለዚህ ያለ ኬሚስትና ያለ ላቦራቶሪ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሊሠራ አይችልም። የኬሚስቱን ወንበር የፈጠረው የድሬዳዋ ድንጋይ ከሌላ አገር ድንጋይ የተለየ መሆኑ ነው። ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ በአገር ውስጥ ሲነሣ፣ መልሱን የሚሰጥ ባለሙያም በአገር ውስጥ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው ምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራውን ያካሄደው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ነበር። አብራሪዎቹም፣ የጥገና ባለሙያዎቹም፣ ሥራ አስኪያጁም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከባቡሩ የሚለየው ግን ኢትዮጵያውያንን በማሠልጠን ደረጃ በደረጃ የመተካቱ ዓላማ የሥራው አካል ተደርጎ መያዙ ነው። በ1963 ዓ.ም. ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከምሥረታው እስከዚህ ድረስ 25 ዓመት ነው።

ለዚህ ውጤት ሌላም ምክንያት አለ። የአውሮፕላን ጥገና በዓለም አቀፍ ሕግ የታሰረ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ መርምሮ ካልፈረመ አውሮፕላን ከመሬት አይነሣም። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ አውሮፕላን የሚመረምረውንና የሚፈርመውን ባለሙያ የግድ ይጠይቃል፤ አየር መንገዱም ይህን ባለሙያ በራሱ ትምህርት ቤት ማፍራት ያዋጣዋል። ከጥገና ወደ እድሳት፣ ከእድሳት ወደ ሥራ የተሻገረውም በዚህ መሰላል ነው። በ1979 ዓ.ም. በፈቃድ የተሠራው «እሸት» የተባለው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ለዚህ ምስክር ነው። በኋላም የሌሎች የአፍሪካ አገሮች አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን ለጥገና ወደ አዲስ አበባ መላክ ጀመሩ።

ከድሬዳዋ በቅርብ ርቀት የሚገኘው የዓለማያ ኮሌጅ ደግሞ የጉዳዩን ሌላ ገጽ ያሳያል። ከዚህ ኮሌጅ በ1960ዎቹ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማግኘታቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። መሠረታዊ ትምህርታቸውን ያገኙት በአገራቸው ነው፤ የተመራማሪነት ወንበራቸው ግን በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ነበር። ትምህርት ቤት ብቻውን ሥራ አይፈጥርም። ባለሙያው ምንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ የሚሠራበትን ቦታ ካላገኘ ወደሚያገኝበት ይሄዳል።

6. ከአሮጌው ሐዲድ ወደ አዲሱ

በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የባቡሩን ኩባንያ ግማሽ ድርሻ ያዘች፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ዲዝል-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮችም በእንፋሎቱ ቦታ ተተኩ። የድሬዳዋ ጋራዥ ሠራተኛ ከቦይለር ወደ ጄኔሬተር፣ ከእሳት ወደ ኤሌክትሪክ መሸጋገር ነበረበት። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ወደ ላይኛው ኃላፊነት መውጣት ጀመሩ። የመሐንዲስ ወንበር የተከፈተው ውሳኔው ወደ አገር በገባበት ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሆኖም እድሉ በደረሰበት ዘመን መስመሩ ማርጀት ጀምሮ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በተነሣው የሶማሊያ ወረራ ሐዲዱና ድልድዮቹ ተጎዱ፤ ድሬዳዋም በቀጥታ የውጊያ ቦታ ሆነች። በ1973 ዓ.ም. ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሆኖ ቢደራጅም፣ ጭነቱ እያደር ወደ መኪና አዘነበለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌ መስመር ሥራ አቆመ። ጋራዡ ከነቶርኖው ቆሞ ቀረ፤ ዛሬ አሮጌው ለገሃርና ጋራዡ የጎብኚ መዳረሻ ሆነዋል።

ከዚህ በኋላ አዲሱ ባቡር መጣ። ከሰበታ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የኤሌክትሪክ መስመር በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና በተገኘ ብድር የተሸፈነ ነው። ሥራ የማካሄዱ ኃላፊነት ለመጀመሪያዎቹ 6 ዓመታት ለገነቡት ኩባንያዎች ተሰጠ፤ በዚሁ ጊዜ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን እየሠለጠኑ ቆይተው በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ተረክበዋል።

ከአሮጌው መስመር ታሪክ ጋር ሲተያይ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። 6 ዓመትና 50 ዓመት አንድ አይደሉም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የባቡር ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ትምህርት መከፈቱም፣ ሐዲዱና ትምህርት ቤቱ በዚህ ጊዜ ብዙ ሳይራራቁ እንደመጡ ያመለክታል። ይሁን እንጂ ርክክቡ የሚመለከተው በዋናው የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ደረጃ ነው። በ25,000 ቮልት የሚሠራው የኤሌክትሪክ መስመር፣ የምልክትና የመገናኛ ሥርዓቱ፣ የሎኮሞቲቩ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል፣ እነዚህ ሁሉ ተበላሽተው ሲገኙ ሣጥኑ ተፈቶ፣ ሌላ ሣጥን ከውጭ መጥቶ የሚተካ ከሆነ፣ መሐንዲሱ ዕቃ አዛዥ እንጂ መሐንዲስ አይሆንም። የእንፋሎቱን ዘመን ጋራዥ ያስገኘው የባሕሩ ርቀት ነበር፤ ዛሬ መለዋወጫ በአውሮፕላን በቀናት ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ያኔ ርቀት በግድ ያደረገውን፣ ዛሬ እኛ አስበን በውዴታ ልናደርገው ይገባል።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በድሬዳዋ የተከፈተው ነፃ የንግድ ቀጣናም በዚሁ ዓይን መታየት ይኖርበታል። ዕቃ ተራግፎ፣ ተከማችቶ፣ እንደገና ተጭኖ የሚሄድበት ብቻ ከሆነ የሚፈጥረው ሥራ የጫኝና የመዝጋቢ ነው። ዕቃው የሚገጣጠምበት ቢሆን ቴክኒሽያን ይፈልጋል። የሚፈተሽበት፣ ለአገሩ የአየር ጠባይና ለተጠቃሚው የሚስተካከልበት ሲሆን ግን ላቦራቶሪና የንድፍ ክፍል፣ ማለትም ሳይንቲስትና መሐንዲስ፣ አስፈላጊ ይሆናሉ።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያስረዳው ከፍተኛ ቴክኖሎጂ የባለሙያ ሥራን በራሱ እንደማያመነጭ ነው። ሥራው የሚገኘው ጋራዡ፣ ትምህርት ቤቱና የመወሰን ሥልጣኑ በአንድ አገር ሲገናኙ ነው። በድሬዳዋ ጋራዡ በ1895 ዓ.ም. ከመጣው ባቡር ጋር ተተከለ፤ ኮሌጁ ከ50 ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ ተከፈተ፤ ሥልጣኑ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ገባ። ሦስቱ ሊገናኙ ሲቃረቡ መስመሩ አረጀ።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት አራት ነጥቦች ለማኅበራችን አባላት ውይይት ቢቀርቡ ተገቢ ይመስለናል።

ሀ) ከውጭ ኩባንያ ጋር በሚደረግ ማንኛውም የኢንዱስትሪ ውል ውስጥ፣ ከመሣሪያው ዝርዝር ጎን የሥራ መደቦች ዝርዝር ይግባ። እያንዳንዱ የቴክኒክ መደብ በስንት ዓመት በአገር ልጅ እንደሚያዝ፣ ሥዕሎቹና የጥገና ሰነዶቹ መቼ እንደሚተላለፉ በቀን ይወሰን።

ለ) ለአዲሱ ባቡር የሚያስፈልጉ ቀላል መለዋወጫዎች ተለይተው በአገር ውስጥ መሠራት ይጀምሩ። ዛሬ ፍሬን መያዣ የሚሠራ ድርጅት ነገ የብረት ጥራት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የንድፍ መሐንዲስ ይቀጥራል።

ሐ) በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ከባቡሩ፣ ከሲሚንቶና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጋር በአንድ ከተማ ይገኛል። የቶኪዮ ተማሪዎች 2 ዓመት ሙሉ በሥራ ቦታ መቆየታቸው የሚያስተምረን አለና፣ የልምምዱ ጊዜ ከጥቂት ወራት ጉብኝት አልፎ ተማሪው ኃላፊነት የሚሸከምበት እንዲሆን ቢደረግ ይበጃል።

መ) በአሮጌው ጋራዥ የሠሩ አረጋውያን ባለሙያዎች ገና በሕይወት ሳሉ የሚያውቁት ይጻፍ። እነዚህ ሰዎች ያለ ሥዕልና ያለ መለዋወጫ መሣሪያን በሕይወት የማቆየት ዕውቀት ባለቤቶች ናቸው። ይህ ዕውቀት በማንኛውም የምሕንድስና መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም፤ ሳይመዘገብ ከቀረ የሚተካው የለም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት መሐንዲስ የሚጠይቀን ሌላ ፋብሪካ እንዲተከል ብቻ አይደለም። በተተከለው ፋብሪካ ውስጥ የሚያስበው፣ የሚያሰላውና የሚወስነው ክፍል በዚሁ አገር እንዲሆን ነው። ይህ ክፍል እንዲኖር የሚያደርገው ውል የሚጻፈው ደግሞ በእኛው በባለሙያዎቹ አማካሪነት ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ውል ረቂቅ ከፊታችን ሲቀርብ፣ ከመሣሪያው ዋጋ በፊት የመደቦቹን ዝርዝር እንድንጠይቅ የድሬዳዋ 50 ዓመት ያሳስበናል።